ስኳር ሲወርድ የሚያሸት ውሻ አለ ወይ? የጎጃም ወላጆች ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ውሻ የሚመጣው ጥያቄ በዛ። ስኳር ያለባቸው ልጆች ወላጆች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ሰምታችሁ ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የራሳችሁን ውሻ ጠርጥራችሁ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ከደብረ ማርቆስ፣ የ8 ዓመት ልጅ እናት፦ "እህቴ አሜሪካ ናት። የልጅ ስኳር ሲወርድ አሽቶ ሰው የሚቀሰቅስ ውሻ አለ አለችኝ። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እውነት ነው?"

እውነት ነው እታለም። የደም ስኳር ከ70 mg/dL በታች ሲወርድ የትንፋሽና የላብ ጠረን ይቀየራል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ያዙልኝ) ጥቂት ሴቶችን መርምረው ስኳር ሲወርድ ትንፋሽ ውስጥ አይሶፕሪን የሚባል ነገር እንደሚጨምር አይተዋል። ውሻ የሚያሸተው እሱን ይሁን ሌላ ገና አልተቋጨም።

ግን ልኩንም እወቂው። እንግሊዝ አገር በሠለጠኑ 27 ውሾች ላይ ተጠንቶ በ2019 በወጣው ውጤት፣ በውጤት ከውሾቹ መሐል ላይ የተገኘው ከ100 የስኳር መውረድ 83ቱን አውቋል። በ2017 የወጣ አንድ የአሜሪካ ትንሽ ጥናት ደግሞ 36 ከመቶ ብቻ ነው ያገኘው፤ ውሾቹም ብዙውን ጊዜ ከሴንሰሩ (ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳር ከሚለካው መሣሪያ) ዘግይተው ነበር የሚጠቁሙት። እና ውሻ ኖረም አልኖረም ጣት መወጋቱ አይቀርም።

ከባሕር ዳር፣ አባት፦ "ወንድሜ ከዲሲ የሠለጠነ ውሻ ገዝቼ ልላክልህ ይላል። ልቀበል?"

አትቀበል። እዚያ ለአንድ ውሻ 15 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ያልሠለጠነ ቡችላ ሠልጥኗል እያለ ይሸጣል ተብሎ በ2018 በቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተከሰሰ ድርጅትም አለ። የደህናው ሻጭ ውሻ እንኳ ከልጅህ ጠረን ጋር እንደ አዲስ መላመድ አለበት፣ እየደጋገመ ካልተለማመደም ይረሳል። በዚያ ገንዘብ ወንድምህ ለዓመታት የሚበቃ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሊልክልህ ይችላል። ሴንሰርም ጥሩ ነበር፣ ግን ብዙው በየ10 ወይም በየ15 ቀኑ ገደማ የሚቀየር ነገር ነውና አንድ ወር ልኮ የሚያቆም ከሆነ ይቅርብህ።

ከፍኖተ ሰላም፦ "የሐበሻ ውሻ አለን። የልጄ ስኳር ሊወርድ ሲል እጇን ይልሳል። ሁለት ሦስቴ ለክተን ልክ ሆነ። ማሠልጠን እንችላለን?"

ትችላላችሁ፣ ትዕግሥት ካላችሁ። ዘሩ አያሳስብሽ። ፈረንጆቹ ላብራዶር የሚያበዙት ገራምና ሆዳም ስለሆነ ነው፣ ለምግብ ብሎ ይሠራል። የእኛስ ውሻ ለቁራጭ ሥጋ የማያደርገው ምን አለ? ዋናው ጠባዩ ነው። ሰው የሚነክስ ወይም ኮሽ ባለ ቁጥር የሚደነግጥ ከሆነ ተዪው። ቀን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል የግቢ ጠባቂም አይሆንም፤ ከልጅቷ አጠገብ ካልዋለ ምኑን ያሸታል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። መለኪያው ከ70 በታች ሲያሳይ፣ አንዳችሁ ስኳሩን በውኃ እስክትበጠብጡ ድረስ ልጅቷ ንጹሕ ጥጥ በምራቋ ታርጥብ። ጥጡ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ፣ ቀኑና ቁጥሩ ተጽፎበት ፍሪዘር ይቀመጣል። ስኳሯ ደህና በሆነ ጊዜም እንዲሁ ጥጥ ያዢ፣ ውሻው የሚማረው ከልዩነቱ ነው። ከዚያ የወረደበትን ጥጥ ሲያሸት ሥጋ፣ የደህናውን ሲያሸት ምንም። ቀስ በቀስ ብልቃጡን እየደበቅሽ እንዲፈልግ፣ ሲያገኝም በመዳፉ እንዲነካሽ ታስተምሪዋለሽ። ወራት ይፈጃል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ምን እንደምትሰጪው ከአሁኑ አስቢበት፤ በደረቅ ዳቦ የሚስማማ ውሻ አለ፣ የሚያኮርፍም አለ።

አደራ፣ ጥጥ ለማግኘት ብሎ ምግብ ማስቀረት ወይም ኢንሱሊን መጨመር የሚባል ነገር የለም። ጥጡ ስኳር መስጠቱን የሚያዘገይ ከሆነ ጥጡ ይቅር። 30 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 9 ግራም ገደማ ይበቃል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሞላ አድርገሽ። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ድጋሚ ለኪ። ማርም ይሆናል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ማር አይጠፋም። ቸኮሌት ግን ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አትስጡ፣ በጎኗ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ከሞጣ፣ አያት፦ "ምራቴ ውሻውን ልጁ መኝታ ቤት አስገባችው። የንስሐ አባታችን ውሻ ያለበት ቤት አልገባም አሉ። ምን ይሻለኛል?"

እማማ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ በእሳቸው ላይ አልፈርድም። ውሻው ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ይተኛ፣ በሩ ክፍት ይሁን። እሳቸው ሲመጡ ቤቱ ተጠርጎ ውሻው ጓሮ ይቆይ። ወሬ ከተነሣ ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ የልጅ ልጅዎ የሚወጋው ኢንሱሊን በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ መጀመሪያ የተሞከረው በውሾች ላይ ነው፤ በጥር 1922 ነው ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የተወጋው።

ውሻም ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጁ ቀን ብዙ ሲሯሯጥ ከዋለ ምራትዎ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ተነሥታ ትለካው። ጸበል ስትሄዱም ውሻው ይቅር፣ ኢንሱሊኑ ግን አይቅር።

ከዳንግላ፣ መምህር፦ "ተማሪዬ ውሻውን ክፍል ይዤ ልምጣ ይላል።"

ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል አይሆንም ጋሼ። እርስዎ ምልክቱን ይወቁለት፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ ፈዝዞ መቅረት። መሳቢያዎ ውስጥ ስኳር ይኑር። ያመመው ሲመስልዎ ብቻውን ወደ ቤት አይስደዱት።

ከቡሬ፦ "እብድ ውሻ እፈራለሁ።"

መፍራትሽ ልክ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገም። ያልተከተበ ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ለበዓል በግ ሲታረድም ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻው አትወርውሩ፤ የኮሶ ዓይነት የውሻ ትል ከዚያ ይይዘዋል፣ ከእሱ ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል።

እንደገና ከባሕር ዳር፣ ሌላ አባት፦ "ውሻው መዳፉን ጣለብኝ። የልጄን ስኳር ስለካ 112። ዋሸኝ ማለት ነው?"

ምናልባት ቀድሞህ ይሆናል። ከ180 እየተንደረደረ የሚወርድ ስኳር መንገድ ላይ 112ን ያልፋል። 15 ደቂቃ ቆይተህ ድጋሚ ለካ። ወርዶ ከተገኘ ሥጋውን ስጠው፣ ካልወረደ አትቆጣውም አትሸልመውም። በነካህ ቁጥር ከሸለምከው ሥጋ ባማረው ቁጥር መዳፉን ይጥልብሃል። ደብተር ያዝ፦ መቼ ጠቆመ፣ ስንት ሆነ፣ ሳይጠቁም ስንቴ ወረደ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይሞላውም፣ ውሻውን ስለሚወደው። አንተ ሙላውና ለቀጠሮ ይዘኸው ሂድ። ሐኪሙ ስለ ውሻው ግድ ባይሰጠው እንኳ፣ ስኳሩ የሚወርድበትን ሰዓት አይቶ የኢንሱሊኑን መጠን ያስተካክልበታል።