ሞንተሬይ ላይ ዓሣ ነባሪ ለማየት የምትመጡ፣ ጠይቁኝ

የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው። ከዚህ እስከ ሞንተሬይ ባሕር ዳርቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከአገር ቤትም ሆነ ከዲሲ ዘመድ በመጣ ቁጥር ዓሣ ነባሪ ላሳይ ይዤ እወርዳለሁ። ስንት ጊዜ እንደሄድኩ መቁጠር ትቻለሁ። ለዕረፍት ወደዚህ የምትመጡት ስለበዛችሁ ጥያቄያችሁን እዚሁ ልመልስ።

በየትኛው ወር ብመጣ ይሻለኛል?

ሁሌም የሆነ ነገር አለ፤ የሚለየው ዓይነቱ ነው። ከዲሴምበር እስከ ሜይ ግራጫ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ያልፋሉ። ከአላስካ በኩል ተነስተው ሜክሲኮ ይወልዱና ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ጭራቸውን ወደ ላይ አንስተው የሚጠልቁት፣ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ይበዛሉ። ሰማያዊውን፣ እስከ 30 ሜትር የሚደርሰውን፣ ማየት ከፈለግህ ከጁላይ በኋላ ና። እኔን ከጠየቅከኝ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይበልጡብኛል። ግራጫዎቹ እናቶች ግልገሎቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን የሚመለሱት ያኔ ነው፤ ኦርካዎችም፣ «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» የሚሏቸው፣ እነዚያን ግልገሎች ለማደን ይመጣሉ። ልብ ለሌለው ሰው ግን አይሆንም። አንዴ ሲያድኑ አይቻለሁ፣ ምሳ አልበላሁም።

ለምንድነው እዚያ የሚሰበሰቡት?

የዓባይን በረሃ ቁልቁል አይተህ ታውቃለህ? እሱን ውኃ ሞልቶበት አስብ። ከሞንተሬይ ወደ ሰሜን ካለው ከሞስ ላንዲንግ ወደብ አፍ ጀምሮ ከባሕሩ በታች ገደል አለ። አንዳንድ ቦታ ከጫፉ እስከ ወለሉ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከማርች ጀምሮ ነፋሱ የላዩን ውኃ ሲገፋው ቀዝቃዛውና ምግብ የተሸከመው ውኃ ከታች ይወጣል። ክሪል (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ) እና ጥቃቅን ዓሣ ይራባል። ዓሣ ነባሪ ደግሞ ሆዱን ተከትሎ ይመጣል። ሌላ አገር ጥልቅ ውኃ ለመድረስ ረጅም መንገድ መቅዘፍ ያስፈልጋል፤ እዚህ ከወደብ ሳትርቅ ትደርሳለህ።

መኪና እንኳን ያስመልሰኛል፤ እንዴት ልሁን?

እህቴ፣ የማስመለስ መከላከያ ክኒኑን ጀልባው ላይ ሆነሽ ከዋጥሽው ዋጋ የለውም። ከመነሳትሽ አንድ ሰዓት በፊት ውሰጂ። ከኋላና ከመሃል ተቀመጪ፤ ፊት ለፊት ያለው ጫፍ ነው ይበልጥ የሚያነሳው። ስልክሽን አትዪ፣ አድማሱን እዪ። ከመጣብሽ ደግሞ ነፋሱ ከጀርባሽ ይሁን። ይህንን የተማርኩት በሰው ጃኬት ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም ነው የምመጣው። ችግር አለው?

ባዶ ሆድና ማዕበል አይስማሙም። ብዙዎቹ ጀልባዎች ጠዋት ነው የሚወጡት፣ አንተ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምትበላው። ፈቃዱን ንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ ብሆን ለበዓሉ ማግስት አዘዋውረው ነበር።

ካፒቴኑ ምን እንደሚል አይገባኝም፤ ሁሉም ሲያይ እኔ ያልፈኛል።

የሀበሻ በሽታ ነው፣ አትፈር። ካፒቴኑ ዓሣ ነባሪው ያለበትን አቅጣጫ የሚናገረው በሰዓት ቁጥር ነው፤ የጀልባው አፍንጫ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። «ሦስት ሰዓት!» ሲል ቀኝ ማለቱ ነው። አጎቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰዓቱን ገልብጦ ያነበበ ሰው ነው፤ ለእሱ ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው። ሙሉ ጉዞውን ወደ ግራ ሲያይ ዋለ። በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን የነገርኩት ስንመለስ ነው።

እናቴ ዮናስን የዋጠው እሱ ነው ወይ ትላለች።

ለእማማ እንዲህ በላቸው፦ ሃምፕባክ አፉ መኪና ቢያስገባም ጉሮሮው ጠባብ ነው፤ ሰው አይውጥም። የሚበላውም ያንኑ ጥቃቅን ዓሣና ክሪል ነው። ዮናስን ማን እንደዋጠው ግን እኔ አልገባበትም። ደግሞ ዓሣ አይደለም፤ አየር ይተነፍሳል፣ ያጠባል። እማማ ጃኬትና ሻሽ ይያዙ፣ ጁላይም ቢሆን። ካሊፎርኒያ ነው ብሎ በቲሸርት የወጣ ሰው ሲንቀጠቀጥ ነው የሚመለሰው።

ምን ያህል ይቀርባሉ?

ካፒቴኖቹ 90 ሜትር ያህል ርቀው ይቆማሉ። እሱ ራሱ ከመጣ ግን ማን ይከለክለዋል። አንዴ አጠገባችን ወጥቶ ተነፈሰብን። ሽታው የበሰበሰ ዓሣና የቆየ ጎመን ነው። ጋቢዬ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም።

ምንም ሳናይ ብንመለስስ?

አንዳንዶቹ ለሌላ ቀን ነፃ ትኬት ይሰጣሉ። ሳትከፍል በፊት ጠይቅ። እኔ ሳላይ የተመለስኩት አንዴ ብቻ ነው፣ ከአክስቴ ጋር። ጭጋጉ የገዛ እጅህን አያሳይም። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋና ዝም በሉ አለን። ቆየት ብሎ ከጭጋጉ ውስጥ «ፍፍፍፍ» የሚል ረጅም ትንፋሽ መጣ። ከዚያ ሌላ፣ ቀረብ ብሎ። አክስቴ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ «እግዚኦ! ይሄስ ሸክም ያወረደ ሰው ነው» አለች። ነፃውን ትኬት አልፈለገችውም። እስካሁን መኪናዬ ውስጥ አለ።