መልስ፦ ካርታውና ስልኬ ለምን አይገጥሙም?

ወንድሜ፣ በ1:50,000 ካርታ ጅማ አጠገብ ካለው ከጅሬን በታች ያለ ነጥብ እየፈለግኩ ስልኬ ሌላ ቦታ አሳየኝ ላልከው፣ መጀመሪያ ካርታው ጠርዝ ላይ ዳተሙን፣ ማለትም ቦታ የሚለካበትን መነሻ ስርዓት፣ እየው። የድሮዎቹ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው የተሰሩት፣ ስልክህ ግን ደብሊውጂኤስ 84 (WGS 84) የሚባለውን ነው የሚጠቀመው፣ ጅማ አካባቢ ልዩነቱ ከ200 ሜትር ያልፋል፣ ጫካ ውስጥ ይሄ ማለት ሌላ ሸለቆ ነው እኮ። የስልክህ ካርታ አፕ ላይ ዳተሙን ካርታው ወደሚለው ቀይረው።

ቁጥሩን ስታነብ ደሞ ለምሳሌ 634487 ከተባልክ፣ 634 ወደ ቀኝ፣ 487 ወደ ላይ ነው፤ የየሶስቱ የመጨረሻ ቁጥር የካሬው አስረኛ ነው፣ አንዱ አስረኛ በዚህ ካርታ 2 ሚሊሜትር። ስለዚህ ከታች 63 ያለበትን መስመር ያዝና 8 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ሂድ፣ ከዛ ከጎን 48ን ይዘህ 14 ሚሊሜትር ወደ ላይ። ብዙ ሰው የጎኑን ያስቀድምና እዛው ይጠፋል።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው ኮንቱሩን፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ ነው። መስመሮቹ ሹል ሰርተው ጫፋቸው ወደ ከፍታው ካመለከተ ሸለቆ ነው፣ ወደ ዝቅታው ከሆነ ሸንተረር። ባለፈው ክረምት የቡና ጫካ ውስጥ ጭጋግ ይዞን ከአምስት ሜትር በላይ አይታይም ነበር፣ የውሃ ድምፅ ተከትለን ወርደን ሁለት ጅረት የሚገናኙበትን ስናገኝ ካርታው ላይ ጣቴን አስቀምጬ "እዚህ ነን" ያልኩት ያኔ ነው። አንተም መጀመሪያ እንደዚህ አይነት መገናኛ ፈልግ፣ ነጥብህን ከዛ ተነስተህ ለካ። ካርታውን ደሞ ላስቲክ ውስጥ ክተተው፣ የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ።