የኬሚስትሪዋ ደብተር

ሰሞኑን እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ጋሼ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ቤቴ ልማር ነው። ጎበዝ የኬሚስትሪ አስጠኚ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዓመታት በፊት እንደሷው አስጠኚ ብቻ ሲፈለግላት የነበረች ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝና ይህን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ያቺኛዋ 10ኛ ክፍልን የተማረችው ቤቷ ነው። እናቷ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ጠዋት ትተኛለች፤ ልጅቱ ለብቻዋ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች። ሰነፍ አልነበረችም። ከኢንተርኔት ኮርስ ተገዛላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚያስጠናት ሰውም ተገኘላት። ሞል የሚባለውን የቁስ መጠን መለኪያም የጋዝ ሕጎቹንም ጨርሳ፣ በዓመቱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልመለስ ስትል አማካሪው ሦስት ነገር ጠየቃት፦ የተማርሽው ዝርዝር የታለ? ስንት ሰዓት ተማርሽ? የቤተ ሙከራ ደብተርሽስ? በእጇ የነበረው ኮርሱ ሲያልቅ ያተመችው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ኮርሱን የሸጠው ድርጅት ደግሞ እውቅና አልነበረውም። ኬሚስትሪን ከአንድ ዓመት ታናናሾቿ ጋር ከ«አተም ምንድን ነው» ጀምራ ደገመች።

በቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች አንድ ሙሉ ክሬዲት የሚለካው በ140 ሰዓት ነው። የቅዳሜው ጥናት በ36 ሳምንት ቢባዛ 72 ሰዓት ይሆናል። ቀሪውን ሰዓት ብቻዋን አጥንታ ሞልታዋለች፣ እንዲያውም አልፋዋለች፤ ግን የትም አልተጻፈም። በዙሪያዋ የነበርን ትልልቅ ሰዎች «ገባሽ ወይ?» እያልን ስንጠይቃት ከረምን። «ጻፍሽው ወይ?» ያላት አንድ ሰው አልነበረም። ደብተሩ ቢኖርም ትምህርት ቤቱ የመቀበል ግዴታ አይኖርበትም ነበር፤ ቢያንስ ግን የምትከራከርበት ነገር በእጇ ይኖር ነበር። ስለዚህ ሳትጀምሩ ለምትመለሱበት ትምህርት ቤት አማካሪ በኢሜይል ጻፉ፤ ምን እንደሚቀበል በጽሑፍ ይመልስላችሁ። የስልክ ወሬ አማካሪው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ለመሆኑ የቤት ውስጥ የቤተ ሙከራ ደብተር ምን ይመስላል? 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ግዙ። 50 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ኮምጣጤ በብርጭቆ፣ 2.1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በወረቀት አድርጋችሁ ሁለቱንም አንድ ላይ መዝኑ። ሶዳውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ከቸኮላችሁ አረፋው ይገነፍልና ልኬቱ ይበላሻል። አረፋው ሲያቆም ባዶውን ወረቀት ጨምራችሁ እንደገና መዝኑ፤ የቀነሰው ክብደት የወጣው ጋዝ ነው። 2.1 ግራም ሶዳ 0.025 ሞል ነው፤ ከአንድ ሞል ሶዳ አንድ ሞል ጋዝ ስለሚወጣ 1.1 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣት አለበት። የእናንተ ግን 0.9 ሊሆን ይችላል፤ ከጋዙ የተወሰነው ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ቁጥሩን አታሳምሩት፤ ለምን እንዳነሰ ጻፉ። ቀን፣ የፈጀው ሰዓት፣ ልኬት፣ የስህተቱ ምክንያት፦ አንድ ገጽ ይበቃል።

የሕጉን ነገር ወላጆቻችሁ ይጨርሱታል፣ ግን እናንተም እወቁት። የማሳወቂያው ደብዳቤ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ቢሮው ኃላፊ ይደርሳል፤ ስለምትማሩት የሚጠይቀው የትምህርቶቹን ስም ዝርዝር ብቻ ነው። አደራ፣ ቤት ውስጥ «ነሐሴ 15» ብላችሁ እንዳታወሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 15 ኦገስት 21 ላይ ነው የሚውለው። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ የምትወጡ ከሆነ ደብዳቤው ሳይገባ ክፍል መቅረት አትጀምሩ፤ ያለ ፈቃድ መቅረት ሆኖ ይመዘገብባችኋል።

በሚቀጥለው ኦገስት 1 ደግሞ የመሻሻላችሁ ማስረጃ ይቀርባል። አገር አቀፍ ፈተና ወስዶ በጠቅላላ ውጤት ከአራተኛው ስታናይን (ውጤት በዘጠኝ እርከን የሚከፈልበት መለኪያ ነው)፣ ማለትም ከ23ኛው ፐርሰንታይል አለማነስ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው የግምገማ ደብዳቤ ነው፤ የሚጽፈው በየትኛውም ስቴት የማስተማር ፈቃድ ያለው ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ያለው፣ ትምህርታችሁንም የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ማስተርስ ይዞ ኡበር የሚነዳ ሰው አይጠፋም። ግን በጁላይ ሄዳችሁ «ፈርምልን» አትበሉት፤ በኦክቶበር ለምኑት፣ በየሁለት ወሩ ደብተራችሁን አሳዩት።

አስጠኚ ለመቅጠር አትቸኩሉ። ሒሳብ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ፈልጉ፤ አልጀብራ አንድ ወር ከተንሸራተተ ኬሚስትሪውንም ፊዚክሱንም ይዞ ነው የሚወርደው። ስትመርጡ የተሳሳታችሁትን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱና ለሃያ ደቂቃ እርሳሱ በማን እጅ እንደሚቆይ ተመልከቱ። በአስጠኚው እጅ ከዋለ ሌላ ፈልጉ። የኔታ ተማሪውን ፊታቸው አስቀምጠው እሱን ያስነብቡት ነበር እንጂ እሳቸው እያነበቡለት አይውሉም። የዛሬ ልጆች በእጥፍ ፍጥነት ቪዲዮ አይታችሁ፣ ቀሪውን ኤአይ አስጽፋችሁ «ጨረስኩ» ትላላችሁ። ባዶ ወረቀት ሲሰጣችሁ ያን ጊዜ ይታያል።

ከ11ኛ ክፍል ወዲያ ለእውነተኛ ቤተ ሙከራ የኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ዱዋል ኢንሮልመንት፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ አለ፤ ኮሌጁ አናንዴልም አሌክሳንድሪያም ካምፓስ አለው። ያገኛችሁት ውጤት ግን በኮሌጅ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ይበቃል። ኤፒ የሚባለው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና በሜይ ቢሆንም ቦታ የሚያዘው በበልግ ነው፤ በሴፕቴምበር ለአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት የኤፒ አስተባባሪ ደውሉ። በማርች የደወለ «ጊዜው አልፏል» ይባላል።

ለጠየቀችኝ ልጅ ሁለት ሰዎች ጠቁሜያታለሁ፤ አንዱ የሚችለው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። ሚዛኑን ገዝታለች። ኮምጣጤው እናቷ ቤት አለ።