ለምን እንደተመታ የሚጻፍበት ቦታ

ልጆች፣

በቀደም እዚሁ ሐዋሳ ስታትስቲክስ የምትማር አንዲት ልጅ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ውጭ አገር በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ በጥላቻ የሚፈጸም ጥቃት እንዴት እንደሚለካ ነው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመጠይቅ ይቆጠራል?» አለችኝ። «ይቆጠራል» አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከዓመታት በፊት ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ጤናና ጉዳት እንጠይቅ ነበር። መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ የኪራይ ቤቶች የተደረደሩበት ግቢ። አንድ ወጣት እጁ በጀሶ ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። «ምን ሆነህ ነው?» «ተደብድቤ።» «ለምን?» አከራይዋ በሩ ላይ ሰፌድ ይዘው ቡና ይለቅማሉ። አየት አደረጋቸውና «ስልኬን ሊነጥቁኝ» አለ። ስልኩ ትራሱ አጠገብ ነበር። «ዝርፊያ» የሚለውን አከበብኩ። ስወጣ እስከ ግቢው በር ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደ ሴት ትሄዳለህ ብለው ነው» አለኝ። ቅጹን አገላበጥኩት። ለዚህ የሚሆን ኮድ የለውም። ያ ልጅ ሪፖርቱ ላይ እስከ ዛሬ የተዘረፈ ሰው ነው። ይቆጨኛል።

እሱ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አላስፈለገኝም። የመቱት ገምተው ነው። ስለዚህ ተጠቂውን «አንተ ማነህ?» ብቻ የሚል መጠይቅ እሱን አያገኘውም። የአሜሪካው ብሔራዊ የወንጀል ተጠቂዎች ጥናት የጥቃት አድራሹን አንደበት ይጠይቃል። ምን እያለ መታህ? የጥላቻ ምልክት ትቶ ሄደ? ፖሊስ አረጋግጧል? እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸውን ስለ ፆታዊ ዝንባሌያቸው መጠየቅ ጀመረ። ከ2017 እስከ 2020 ባለው መረጃ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መካከል በ1,000 ሰው 43.5 የኃይል ጥቃት ተመዝግቧል፤ በተቃራኒ ፆታ አፍቃሪዎች መካከል 19። ይህ ግን ማንኛውም የኃይል ጥቃት ነው፣ በጥላቻ የተፈጸመው ብቻ አይደለም። ሁለቱን አታደባልቁ።

ሌላው ጣጣ የቡድኑ ማነስ ነው። ከ1,000 ተጠያቂ 30ዎቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው እንበል። ከቀሩት 970 አንድ በመቶው በስህተት ይህንኑ መልስ ቢያከብ 10 ሰው ገደማ ተጨመረ። ከተቆጠሩት 40 ከአራት አንዱ የሐሰት ሆነ ማለት ነው።

የዛሬ ልጆች ቶሎ ቁጥር ትወዳላችሁ። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ለቃችሁ በማግስቱ «ሰማንያ በመቶው» ትላላችሁ። ይሄ ናሙና አይደለም። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚሁ ጉዳይ በኢንተርኔት 93,000 ሰው መጠይቅ ሲያስሞላም የሞሉት ራሳቸው ፈልገው የመጡ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ልክ ናችሁ። ያ ልጅ ለብቻው ስልኩ ላይ ቢሞላ እውነቱን ይጽፍ ነበር።

ስለ እምነታችሁ አልከራከራችሁም። የተደበደበ ሰው ግን ይቆጠር። እኛ አገር የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ስላለ፣ ማንንም ስለ ዝንባሌው ቤቱ ሄዳችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ለጉዳት ሊዳርገው ይችላል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ስለ ባል ጥቃት ሲጠይቅ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ይመርጥ ነበር፤ ለብቻዋ ካልሆነች ጥያቄው ይቀራል። እንደዚያ አድርጉ። የጉዳት ቅጽ የምታዘጋጁ ካላችሁ «ሲመቱህ ምን ይሉህ ነበር?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፣ ሁሉም ሰው የሚጠየቀው።