ኔክስት፣ ኔክስት፣ መብራት ጠፋ

የጠየቅሽውን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። አዘዞ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍቺ ነው። ያለሽ ላፕቶፕ አራተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ዊንዶውስ 10 ጊዜው አልፏል ብለው አስፈራርተውሻል። አንዱ «ኡቡንቱ ጫኚና ተገላገይ» አለሽ፤ ሊኑክስ ከሚባለው ነጻ ሲስተም አንዱ ዓይነት ነው። ሌላው ደግሞ «አሜሪካ ያለችው አክስትሽ ማክ ትላክልሽ» አለሽ። አንቺ የፈለግሽው ሶፍትዌር መጫን የማያስለቅሰው የቱ ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው።

የማያስለቅስ የለም። ይሄን የምልሽ ጎንደር ፒያሳ ላይ የሰው ኮምፒውተር ስጭንና ሳራግፍ የምውል ሰው ነኝ። ሁሉም ያስለቅሳል፤ የሚለያዩት በሰዓቱ ነው። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ከማለትሽ በፊት ደንበኛ ምን ይዞ ይመጣል ብለሽ ጠይቂ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዊንዶውስ ልጀምር። እዚያ ላይ ጣጣው ከማውረዱ ይጀምራል። ገጹን ትከፍቻለሽ። «ዳውንሎድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ከሥሩ ሌላ አለ፣ የባሰ ትልቅ። በቀኝ በኩል ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል ሦስተኛ። እውነተኛው የቱ ነው? አንዱም አይደለም። እውነተኛው ታች ጥግ ላይ፣ በደቃቃ ግራጫ ጽሑፍ፣ ማንም እንዳያየው ተደርጎ ተቀምጧል። ትልቁን የነካ ሰው «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ አውርጂ።

እሺ፣ ትክክለኛውን አገኘሽ እንበል። ፋይሉ 2 ሜጋ ነው። «እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው» ብለሽ ደስ ይልሻል። ስትከፍቺው ግን እንደገና ማውረድ ይጀምራል። ለካ ያወረድሽው ሶፍትዌሩን አይደለም፤ ሶፍትዌሩን የሚያወርደውን ሶፍትዌር ነው። የገዛሽው የቀን ፓኬጅ ግማሽ ላይ እልም ይላል። ስለዚህ ሁሌም «ኦፍላይን ኢንስቶለር» ወይም «ስታንድአሎን» የሚለውን ፈልጊ። ክሮም አለው፣ ብዙዎቹ አላቸው፤ ብቻ ደብቀው ነው የሚያስቀምጡት። ያወረድሽውን ደግሞ ጭነሽ ስትጨርሺ አታጥፊ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆይ፣ እዚህ ከተማ ሰው የሚከበረው ፍላሹ ላይ ባለው ፎልደር ነበር። የአታሚ ድራይቨር ያለው ሰው ቡና ይጋበዝ ነበር። አልቀለድኩም።

ከዚያ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት። ማንም አያነብም፤ እነሱም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀድማ ራይት የተደረገች ትንሽ ሳጥን የምትቀመጠው። ፒዲኤፍ ማንበቢያ ልጭን ያለ ሰው የሙከራ አንቲቫይረስ፣ የማያውቀው ብሮውዘርና የአየር ጠባይ የሚናገር ጌጥ ይዞ ይወጣል። «ከስተም» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ንኪና ራይቶቹን አንሺ።

ተጭኖ አለቀ ስትዪ ደግሞ አይከፈትም። «ኤምኤስቪሲፒ140 ዲኤልኤል የለም» ይላል። ይሄን ጊዜ ሰው ሁሉ ስሙን ጎግል ያደርግና ያቺን አንዲት ፋይል ከማያውቀው ገጽ ያወርዳል። ኧረ ተይ! የጎደለው ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባለው ነው። ከማይክሮሶፍት በነጻ ይወርዳል። 64 ቢት ኮምፒውተር ቢኖርሽም ሁለቱንም ጫኚ፣ «ኤክስ86» የሚለውንም (የ32 ቢቱ ነው) «ኤክስ64» የሚለውንም፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ራሱ የድሮ 32 ቢት ሊሆን ይችላል። ሌላው «ዶት ኔት 3.5 ያስፈልጋል» የሚለው ነው። እሺ ብትዪው ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይሄዳል፣ ኮኔክሽን ከሌለም ቁጥር የበዛበት ስህተት ጽፎ ይተውሻል። ግን ፋይሉ እጅሽ ላይ አለ። የዊንዶውስ መጫኛው ፍላሽ ውስጥ «ሶርስስ» የሚል ፎልደር አለ፣ በውስጡ «ኤስኤክስኤስ» የሚል። ዲስም በሚባለው ትእዛዝ ከዚያ መጫን ይቻላል። ትእዛዙን ከማይክሮሶፍት ገጽ ገልብጠሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

አሁን ደግሞ ዋናው። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይላል። እኛ መች አጠፋን? 30 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ሰፈሩ ድርግም ይላል። የድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ቻርጀሩ ከተነቀለ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ነው የሚሄደው። መብራት ሲመጣ «ለውጦቹን እየመለስን ነው» ይልሻል፣ እሱም እድለኛ ከሆንሽ። ስለዚህ ምንም ሳትገዢ በፊት ባትሪ ግዢ። ቀጥሎ ዋይፋዩን «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጊው፤ ትልልቆቹን አፕዴቶች ሳይጠይቅሽ ማውረዱን ይቀንሳል። አፕዴት ስታደርጊ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ደንበኛም አይኑር።

ይሄን ሁሉ አውርቼ ዊንዶውስ ላይ ቆዪ የምልሽ ለምን ይመስልሻል? ደንበኛ ይዞት በሚመጣው ነገር የተነሳ ነው።

አንድ አባባ ከገጠር ይግባኝ ሊያስታርሙ መጡ። ፋይላቸው በፍላሽ ነው፤ ከዓመታት በፊት ሌላ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ። ከፈትነው። ስክሪኑ ላይ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ጭረት ብቻ ሆነ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ የኔ ክስ አይደለም። ይሄ የፈረንጅ ክስ ነው» አሉ። የሳቸው ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ አማርኛ ይነበባል፤ ከሌለ ሥር ያለው ላቲን ይወጣል። የድሮውን ፎንት ፋይል ራይት ክሊክ አድርገን «ኢንስቶል» አልነው፣ ዎርዱን ዘግተን ከፈትነው፣ ክሱ ወደ አማርኛ ተመለሰ። አባባ ግን እስኪወጡ ድረስ ስክሪኑን በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት።

እንዲህ ዓይነት ፋይል በየቀኑ ይመጣብሻል። የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶችን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝንና የሒሳብ ሰዎች ካሉብሽ ፒችትሪን የግድ ትፈልጊያለሽ። ፒችትሪ ከ2013 ሥሪቱ ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሏል፤ እዚህ አገር ግን ማን ሰምቶ። ብቻውንም አይጫንም፤ ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር ይዞ ነው የሚመጣው። አልከፍትም ካለሽ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ሳይሆን የፐርቬሲቭ ሰርቪስ መነሳቱን እዪ። እነዚህ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ ዋይን በሚባለው ይሠራሉ የሚልሽ ሰው አይዋሽም፤ ግን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽ አይሞከርም።

ሊኑክስን ግን አልጠላውም። እንዲያውም ነገሩ ከገባሽ በኋላ ሶፍትዌር ለመጫን ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው። ቁልፍ መፈለግ የለ፣ ኔክስት የለ። ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብለሽ ስሙን መጻፍ ነው፤ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ያመጣል። ችግሩ እዚያ እስክትደርሺ ነው። አንዳንድ የድሮ ላፕቶፕ ላይ ያለው የዋይፋይ ካርድ ድራይቨሩ አብሮ አይጫንም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ላፕቶፑን ተሸክሞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። መውጫው ኬብል ነው። ስልክሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሪ፤ ያለ ምንም ድራይቨር ኢንተርኔት ያገኛል። ከዚያ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ከፍተሽ ዋይፋዩን አስጭኚው።

ሁለተኛው ፓስወርዱ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ተርሚናል ላይ ፓስወርድ ስትጽፊ ምንም አይታይም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ። አንዱ የማራኪ ሰፈር ልጅ ደውሎ፣ «ኪቦርዱ ሞቷል» አለኝ።

«ሌላ ቦታ ይጽፋል?»

«ይጽፋል።»

«እንግዲያው አልሞተም። ዝም ብለህ ጽፈህ ኢንተር በል።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ወይኔ! ኪቦርድ ገዛሁ እኮ» አለ።

ሦስተኛው ቁልፉ ነው። አንድ ነገር ልትጭኚ ስትዪ «የዲፒኬጂን ቁልፍ ማግኘት አልተቻለም» ይልሻል። የተበላሸ ነገር የለም። ከበስተጀርባ ሲስተሙ ራሱ አፕዴት እያደረገ ነው። የግቢውን ሽንት ቤት ቁልፍ ጎረቤት ይዞት እንደገባ ቁጠሪው፤ መጠበቅ ነው እንጂ በር አይገነጠልም። ኢንተርኔት ላይ «የቁልፉን ፋይል አጥፊው» የሚል ምክር ታገኛለሽ። አትስሚ፤ መሃል ላይ ያለ ጭነት ይበላሻል።

ከዚያ ደግሞ ዴብ ነው፣ ስናፕ ነው፣ ፍላትፓክ ነው፣ አፕኢሜጅ ነው። አንዱን ሶፍትዌር በአራት መንገድ ያቀርቡልሽና ሊኑክሰኞቹ የትኛው ይሻላል ብለው ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። አንቺ ከሶፍትዌር መደብሩ ያገኘሽውን ጫኚና ወደ ሥራሽ ሂጂ።

ማክ ላይ ብዙ አልቆይም። እዚያ መጫን ማለት መጎተት ነው። ዶት ዲኤምጂ የሚባለውን ፋይል ትከፍቻለሽ፣ የሶፍትዌሩን ምልክት ይዘሽ «አፕሊኬሽንስ» ወደሚለው ፎልደር ትጎትቻለሽ፣ አለቀ። ይሄን ያህል ቀላል ስለሆነ ማንም አይነግርሽም። ልጃቸው ማክ የላከችላቸው አንዲት እትዬ፣ «ኮምፒውተሩ ይረሳል፤ ማታ ያስገባሁትን ጠዋት የለም ይለኛል» እያሉ ይመላለሱ ነበር። ለካ አልጎተቱትም፤ በየቀኑ ከዲኤምጂው ውስጥ ነው የሚከፍቱት። ማኩ ሲዘጋ ዲኤምጂው አብሮ ይወጣል፣ በማግስቱ ምልክቱ ላይ ጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። አንዴ ጎተትንላቸው፤ አሁን የሚመጡት ለሰላምታ ነው።

ሌላው የማክ ጣጣ በር ጠባቂው ነው፤ ጌትኪፐር ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። ሠሪው አፕል ዘንድ ያልተመዘገበ ከሆነ አላስገባም ይላል። አንዳንዴም «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ወደ ቆሻሻ ይጣል» ይልሻል፤ ፋይሉ ምንም ሳይሆን። ድሮ ኮንትሮል ይዘሽ ክሊክ ስታደርጊ ያልፍሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የማክ ሥሪት፣ ከሴኮያ ወዲህ ግን «ሴቲንግስ» ገብተሽ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር «ኦፕን ኤኒዌይ» ማለት አለብሽ። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ ሥሪት፣ ከካታሊና ጀምሮ ደግሞ 32 ቢት ሶፍትዌር ጭራሽ አይሠራም። ለጽሕፈት ቤት ማክ አያስፈልግሽም። አክስትሽ መርዳት ከፈለገች 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ትላክልሽ፤ ሻንጣም አይከብዱም። ለአንቺ ላፕቶፕ የሚሆነው ራም ዲዲአር3ኤል የሚባለው ነው። ዲዲአር4 ብትገዛ ቦታው ላይ አይገባም፣ ስለዚህ የላፕቶፑን ሞዴል ቀድመሽ ላኪላት።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ዊንዶውስ 11 ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል፤ የአንቺ በሕጋዊ መንገድ አይገባበትም። በግድ የሚያስገቡ አሉ፤ ለሥራ ማሽን አልመክርም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ያ ማለት ግን በማግስቱ ቆመ ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለግል ኮምፒውተሮች እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚቆይ የደኅንነት ማራዘሚያ አውጥቷል፤ ሥሪትሽ 22ኤች2 መሆኑን እዪና ከ«አፕዴት» ገጹ ላይ ተመዝገቢ። ክራክ የሚባለውን ነገር አታስገቢ። የመጀመሪያ መመሪያው «አንቲቫይረሱን አጥፊ» የሚል ሶፍትዌር ምን ይዞ እንደመጣ እኔ አልነግርሽም።

ከዚያ ርካሽ ያገለገለ ዴስክቶፕ ፈልጊና ሊኑክስ ሚንት ጫኚበት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን፣ ቀላሉን። ከመጫንሽ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስተሽ መሞከር ትችያለሽ። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ይሰካ። ጎንደር ውስጥ ካለ ፍላሽ ግማሹ ሾርትከት ቫይረስ አለበት ብል የሚከራከረኝ የለም፤ ፎልደሮቹን ደብቆ ሾርትከት ያደርጋቸዋል። ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ሚንት ላይ ምንም አያደርግም፣ የተደበቁትን ፎልደሮችም ታያቸዋለሽ። ሰነዱን ብቻ ለይተሽ በኔትወርክ ወደ ዊንዶውሱ አሳልፊ። አማርኛ ለመጻፍ ኪይማን በሁለቱም ላይ በነጻ ይሠራል።

የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሳትገዢ ሞዴሉን እዚህ ጻፊው። ለዊንዶውስ 10 ድራይቨር እንዳለው አይቼ፣ ካለኝ ሙሉውን በፍላሽ እሰጥሻለሁ። ፒያሳ ስትመጪ ግን ባዶ ፍላሽ ይዘሽ ነይ፤ ከቻልሽ ሾርትከት የሌለበት።