የአባቴ ቮልስ ፀሐይ ላይ ስትቆም የሸረሪት ድር ትለብሳለች

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አባቴ በ1962 ዓ.ም. አዲስ ሆና የገዛት ሰማያዊ ቮልስ አለችን፣ እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፣ አሁን እኔ ነኝ የማነዳት። ቀለሟ ከፋብሪካ የመጣው ነው፣ የግራ የኋላ ፓራፋንጎዋ ብቻ አንዴ ተገጭቶ ተቀብቷል። ጥላ ውስጥ ምንም አትልም፣ ፀሐይ ላይ ግን ኮፈኗም ጣራዋም ክብ ክብ በሆነ ቀጭን ጭረት ተሞልታ የሸረሪት ድር የለበሰች ነው የምትመስለው። ሰፈር ያለ ልጅ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሜ በአንድ ሰዓት እንደ መስታወት አደርጋታለሁ አለኝ። ላሠራው? ወይስ የፖሊሽ ማሽን ተውሼ ራሴ ብሞክር ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ግራይንደሩን ግን እባክህ ወደ መኪናዋ እንዳታስጠጋው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ብዙ ቦታ እንደዛ ሲሠራ አይቶ ነው፣ ግን ያ ትንሹ ግራይንደር ብረት ለመቁረጥ የተሠራ ነው፣ በደቂቃ 11,000 ጊዜ አካባቢ ነው የሚዞረው፣ አንተ የምትፈልገው ፖሊሽ ደግሞ ከ1,000 እስከ 1,500 ባለው ዙር የሚሠራ ነገር ነው። በዛ ፍጥነት አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ከቆየ ቀለሙ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዛ ተልጦ ይሄዳል፣ በቃ። የሄደውን ደግሞ ማንም አይመልስልህም፣ የ1962 የፋብሪካ ቀለም ከየትም ሱቅ አይገዛም።

ጭረቱ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም፣ በየአቅጣጫው የተጫጫረ ቀጭን መስመር ነው፣ ፀሐይዋ ወይ የስልክህ መብራት የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ያሉት መስመሮች ብቻ ብርሃኑን ወደ ዓይንህ ስለሚመልሱት ነው ክብ ሆኖ የሚታይህ፣ ማታ የስልክህን መብራት ኮፈኑ ላይ አብርተህ እጅህን አንቀሳቅስ፣ ድሩም አብሮህ ይንቀሳቀሳል። ያመጣው ደግሞ ጨርቅ ነው። እናንተ ሰፈር በጋ ላይ አቧራው እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ ነው የሚኬደው፣ አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ግን ከቀለሙ ይጠነክራል፣ በየቀኑ በየቀኑ ሲፍቃት ይኸው ሃምሳ ምናምን ዓመት ሆናት። ፀሐዩም አለ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትርን አልፈን ነው የምንኖረው፣ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጣራና ኮፈን ቀድመው የሚደበዝዙት ለዛ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቀለምህ ስንት ንብርብር ነው? የዛሬ መኪኖች ከቀለሙ ላይ ክሊር የሚባል ከለር የሌለው ግልጽ ሽፋን አላቸው፣ ፖሊሽ የሚነካው ክሊሩን ነው። ያንተ ዘመን ቮልስ ላይ ግን ክሊር የለም፣ ቀለሙ ራሱ ነው የሚያበራው፣ ስለዚህ የምትፈገፍገው ራሱን ሰማያዊውን ነው። ለማረጋገጥ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ በር ከፍተህ የማይታይ ቦታ ላይ ሽት አድርገው፣ ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ክሊር የለም ማለት ነው። በሥራው ጊዜም ስፖንጁ ሰማያዊ ሲሆን አትደንግጥ፣ የሞተው የላይኛው ቆዳ ነው የሚወጣው፣ ከመጠን በላይ ከወጣ ግን ቁም። ያ የተቀባው ፓራፋንጎ ላይ ደግሞ ለብቻው ሞክር፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ ያኔ የተቀባው ቀለም ክሊር ያለው ነው፣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ አስጠጋበት፣ ደከም ብሎ ከያዘ ከሥሩ ስቱኮ አለ።

ውፍረቱን እንድታስበው ልንገርህ፣ በዘመናችን መኪና ከታች ፕራይመር ከሚባለው መነሻ ቅብ እስከ ላይ ክሊር ድረስ ጠቅላላ 100 እስከ 150 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ ነው፣ የራስ ፀጉርህ አንዱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ሁለት ፀጉር ደርበህ ያዝ፣ ያ ነው ያለህ። ያንተዋ ላይ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ጊዜ ኮምፓውንድ በሚሉት ሻካራ ፖሊሽ እንደተፈገፈገች አናውቅም። የቀለም መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኘህ ከመጀመርህ በፊት ጣራውን፣ ኮፈኑን፣ በሮቹን አስለካ፣ ቀጭን የሆነበትን ቦታ በእርሳስ ወረቀት ላይ ያዝ።

ራስህ መሥራትህን እደግፋለሁ፣ ግን ማሽን ስትዋስ ሮታሪውን ሳይሆን ዲኤ የሚሉትን ተዋስ። ሮታሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሽከረከረው፣ ቶሎ ይቆርጣል፣ ቶሎም ያቃጥላል፣ ልምድ በሌለው እጅ ደግሞ ጭረቱን አጥፍቶ በምትኩ ሆሎግራም የሚሉትን ደመና የመሰለ ዱካ ይተዋል። ዲኤው እየዞረ ይንቀጠቀጣል፣ ስትጫነው መዞሩን ያቆማል እንጂ በቀላሉ አያቃጥልም፣ ቀርፋፋ ነው ግን ይቅር ባይ ነው።

ቀድመህ በደንብ እጠባት፣ ጥላ ውስጥ አስገባት፣ ብረቱ ይቀዝቅዝ። የወረቀት ፕላስተር ውሰድና ጠርዝ የሆነውን ሁሉ ሸፍን፣ የበሮቹን ጫፍ፣ የኮፈኑን መሃል ስንጥር፣ በፓራፋንጎና በቦዲው መሃል ያለውን ጎሚኒ ሳይቀር፣ ጎሚኒው ውስጥ የገባ ፖሊሽ ደርቆ ነጭ ሆኖ ይቀራል ማስለቀቁም መከራ ነው። ጠርዝ ላይ ቀለም ሁሌም ቀጭን ነው፣ ይሄንን የምልህ ከደረሰብኝ ነው፣ ከብዙ ዓመት በፊት የሰው ፊያት ኮፈን ላይ ያለ ፕላስተር ገብቼ ስንጥሩ ላይ ሳንቲም የሚያህል ግራጫ ፕራይመር ብቅ አለ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ሰውዬ ነበሩ፣ ምንም አላሉኝም፣ በጣታቸው ብቻ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው።

ከዛ ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የምትሆን ቦታ ምረጥና እዛች ላይ ብቻ ሞክር። በጣም ለስላሳውን ስፖንጅ፣ በጣም ቀላሉን ፖሊሽ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አራት ጠብታ። ማሽኑን መጀመሪያ ቀለሙ ላይ አሳርፈው ከዛ አብራው፣ አየር ላይ ካበራኸው ፊትህንም ግድግዳውንም ይቀባዋል። እጅህ ቀስ ይበል፣ በሰከንድ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ መስመር ያለፈውን ግማሹን ይደርብ፣ መጀመሪያ በቁመት ከዛ በወርድ፣ አራት አምስት ጊዜ። በየመሃሉ በእጅህ ጀርባ ንካው፣ ሞቅ ቢል ደግ ነው፣ ካቃጠለህ አቁም። ስትጨርስ ከፋርማሲ የገዛኸውን አልኮል በእኩል ውሃ አቅጥነህ አንዴ ብቻ ሳትደጋግም ጥረገው፣ የፖሊሹ ቅባት ጭረቱን ሞልቶ ይሸፍነዋል፣ ካልጠረግከው የጠፋ ይመስልሃል፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። አሁን በስልክ መብራት እየው። ካልበቃ ከፍ ያለ ፖሊሽ ሞክር፣ አሁንም ካልበቃ ጠንከር ወዳለው ስፖንጅ ሂድ፣ የበቃህን ስታገኝ ሙሉ መኪናዋን በዛው ሥራ። ስፖንጁን በየክፍሉ እጠበው ወይ ቀይረው፣ የወጣው ቀለም ስፖንጁ ላይ ከደረቀ ራሱ ይጭራል።

ጣራዋ በጣም ደርቆ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ግን ማሽን ከመንካትህ በፊት አጥግበው። ሜግዋየርስ 7 ቁጥር የሚባል ዘይት የበዛበት የድሮ ግሌዝ አለ፣ ካገኘህ በብዛት ቀባውና እስከ ማግስቱ ተወው፣ የደረቀው ቀለም ሲጠጣው ከለሩ እንዴት እንደሚመለስ ስታየው ታምናለህ፣ አንዳንዴ ከዛ በኋላ የማሽኑ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል።

በጥፍርህ ስትነካው የሚይዝህ ጭረት ግን በፖሊሽ አይወጣም፣ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን በሙሉ እስከ ጥልቀቱ ማውረድ አለብህ፣ ያን ያህል ቀለም የለህም። ተወው። እኔ ከመቶው ጭረት ሰባ ሰማንያው ሲጠፋ አቆማለሁ፣ ደንበኛ ቢቆጣም አቆማለሁ፣ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አንዴ ፖሊሽ የምትደረግበት ቀለም ሊኖራት ይገባል። አባትህ በሩ ላይ በቁልፍ የጫራት ነገር ካለ ደግሞ ያም የእሱ ነው።

በመጨረሻ ሰም አልብሳት፣ የካርናውባ ሰም ጥሩ ነው፣ በየሦስት ወሩ ድገመው። እና ደረቅ ጨርቅ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ውሃ በፈረቃ ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ግን ሁለት 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሃል፣ በአትክልት ማጠጫ ከላይ ወደ ታች አፍስሰህ አቧራውን አውርድ፣ ከዛ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ሻምፖ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ፣ ጨርቁን መኪናው ላይ ባሳረፍክ ቁጥር ንጹሁ ውስጥ አለቅልቀው። ይሄን ካላደረግክ ድሩ እስከ ፋሲካ ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነኝ። ላቫጆ ላይ መኪናዬን አጥበው ሲጨርሱ ጥቁሩን ፕላስቲክና ቦዲውን ናፍጣ በነከረ ጨርቅ ይወለውሉልኛል፣ በጣም ያበራል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ያ የሚያበራው ቅባቱ ነው፣ ጭረቱን ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል፣ ከዛ የሰበታ መንገድ አቧራ ሁሉ ይለጠፍበታል፣ በሚቀጥለው እጥበት ያንኑ አቧራ መልሰው ያሹብሻል። የበርና የመስኮት ጎሚኒ ደግሞ ናፍጣ ሲጠግብ ያብጣል፣ ይላላል፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚያስገባው አንዱ እሱ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ናፍጣውን ተዉልኝ በያቸው፣ የራስሽን ሁለት ንጹህ የማይክሮፋይበር ጨርቅ መኪና ውስጥ ያዢ፣ አንዱን ለቦዲ፣ አንዱን ለጎማና ለታች፣ እንዳይቀላቀሉ ከለራቸው የተለያየ ይሁን።