ከጠረጴዛው በፊት ወንበሩን ጀምሪ

እህቴ፣ «ለኮንዶሚኒየም በረንዳ የሚሆን ከፍ ያለ የባር ጠረጴዛና አራት የባንኮኒ ወንበሮች ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ቁመታቸው ስንት ይሁን፣ ምን እንጨት ልግዛ፣ ምስማርስ ይበቃል ወይ?» ላልሽው ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። እንጨት ሥራ መተዳደሪያዬ አይደለም። ግን ለራሴም ለዘመድም እንዲህ ዓይነት ዕቃ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ስላለፉ በእጄ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

አብዛኛው ሰው ሐሳቡን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል። እኔ ግን ጊዜሽንም ጥሩውን እንጨትሽንም ለወንበሮቹ ስጪ እላለሁ። ጠረጴዛ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው፤ የሚሸከመው ብርጭቆና ሰሃን፣ ቢበዛ የሰው ክርን ነው። ረጅም ወንበር ላይ ግን ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እየሳቀ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ዞር ብሎ ሰው ሲጠራ በሁለት እግሩ ያቆመዋል። ክብደቱ ሁሉ ከላይ ሆኖ መገጣጠሚያዎቹን ግራና ቀኝ ይነቀንቃቸዋል። ቀድሞ የሚላላው ወንበሩ ነው፣ ሰው የሚጥለውም እሱ ነው።

ወደ ቁመቱ ልምጣ። የተለመደው የባር ጠረጴዛ ከ100 እስከ 107 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወንበሩ 75 ገደማ ይሆናል። ዝቅ ያለው ዓይነት ደግሞ ጠረጴዛው 90፣ ወንበሩ ከ60 እስከ 65 ነው። ላንቺ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ። ተራ ወንበር ላይ ስትቀመጪ የበረንዳው ግንብ እይታሽን ይሸፍነዋል፤ 62 ሳንቲ ላይ ስትቀመጪ ግን መንገዱም ሰፈሩም ይታይሻል፣ ከዚያ በላይ መውጣት ትርፍ የለውም። ዋናው ምክንያቴ ግን ልጆች ናቸው። ረጅም ወንበር ከግንብ አጠገብ ሲቀመጥ ለልጅ መወጣጫ ነው፤ ወንበሩ በረዘመ ቁጥር ግንቡ ያጥራል። በ62ም ቢሆን አደጋው አይጠፋምና ቤትሽ ልጅ ካለ፣ ወይም እንግዳ ልጅ ይዞ ከመጣ፣ ወንበሮቹ ከተጠቀማችሁባቸው በኋላ ወደ ሳሎን ይግቡ፣ የበረንዳውም በር ይዘጋ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዪው፣ እባክሽ።

የትኛውንም ቁመት ብትመርጪ ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው አናት ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ይኑር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከገበታው፣ ማለትም ከጠረጴዛው የላይኛው ጣውላ፣ ሥር እግሮቹን የሚያያይዘውን ጣውላ ነው። ጠረጴዛው 90፣ ወንበሩ 62 ከሆነ 28 አለሽ። የገበታው ውፍረት 3 ሲወስድ 25 ይቀራል። ከሥሩ ያለው ጣውላ 10 ሳንቲ ከሆነ ለጭን የተረፈው 15 ብቻ ነው፤ ወፈር ያለ ሰው አይገባበትም። ስለዚህ ያንን ጣውላ ከ6 ሳንቲ አታስበልጪው። ጥንካሬው የጎደለ ከመሰለሽ ከታች፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እግሮቹን የሚያያይዝ ሌላ አግዳሚ ጨምሪ።

የእግር መርገጫውም ልክ አለው። ከመቀመጫው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ዝቅ ማለት አለበት፤ ለ62 ወንበር ከወለሉ 19 ገደማ ይመጣል። ሰው ወንበሩ ላይ ሲወጣ መላ ክብደቱ ለአፍታ እዚያች አግዳሚ ላይ ነውና ከሁሉም ጠንካራውን፣ ጉጥ የሌለበትን እንጨት ለእሷ አስቀሪ። የፊቱንና የኋላውን አግዳሚ 19 ላይ፣ የጎኖቹን ደግሞ 26 ላይ አድርጊ። አራቱንም በአንድ ቁመት ካደረግሽ ቀዳዳዎቹ እግሩ ውስጥ ይገናኙና እንጨቱ እዚያው ቦታ ላይ ባዶ ይሆናል፣ በኋላም የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። የፊቱ አግዳሚ በጫማ ቶሎ ስለሚበላ ከላዩ ስስ የብረት ላሜራ አስመቺበት።

እንጨቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ የምታገኚው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ነው። የፈረንጅ ጥድ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም ለመጋዝም ይታዘዛል፣ ለገበታውና ለመቀመጫው ጥሩ ነው፤ ግን ጉጡ ይበዛል፣ ለስላሳም ስለሆነ ቶሎ ይጎደጉዳል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ለእግርና ለመርገጫ ይሆናል፤ ችግሩ እርጥብ ሆኖ ከተሠራ እየደረቀ ሲሄድ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃልም። ሻጭ ሁሉ «ደርቋል» ይልሻል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ አስቆርጪና መዝኚው፣ ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት አስቀምጠሽ ደግመሽ መዝኚው። ክብደቱ በደንብ ከቀነሰ እንጨቱ ገና ነው። ጥላ ሥር፣ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባሽ ደርድሪው፣ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቅቢው፤ ውኃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቁም ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ዋንዛ ከተመኘሽ እረዳሻለሁ፣ ለቤት ዕቃ ከእሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሀበሻ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው የነበሩ ዛፎች ናቸው። እንደዚህ ያለ እንጨት ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አልገዛም፣ አንቺም አትግዢ። እኔ የምወደው መንገድ ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣውን አሮጌ በር፣ ወለልና ወራጅ መግዛት ነው። ለዓመታት ስለደረቀ ከእንግዲህ ብዙ አይንቀሳቀስም። ማሽን ቤት ከመውሰድሽ በፊት ግን እያንዳንዷን ምስማር ንቀዪ፤ ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ምስማር የማሽኑን ስለት ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል።

አፓርታማ ውስጥ ስለሆንሽ መላጉንና ዋናውን መቁረጥ እንጨት ቤት አስጨርሺ፤ ለጎረቤትም ለአንቺም እረፍት ነው። ቤት የሚቀርሽ መብሳት፣ ማጣበቅና ማለስለስ ነው።

አሁን ወደ ምስማሩ። ለወንበር አይበቃም። ወንበሩ በተነቀነቀ ቁጥር ምስማር ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ብሎንም ቢሆን በእንጨቱ ጫፍ በኩል ከገባ የሚይዘው ጥቂት ነው። ባለሙያ አንዱን ጫፍ እንደ ምላስ አውጥቶ በመሮ በተቦረቦረው ሌላው ውስጥ ያስገባዋል። ለጀማሪ ከዚያ የሚቀለው በክብ የእንጨት ካስማ ማያያዝ ነው፦ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በየመገጣጠሚያው ሁለት ሁለት፣ እግሩ ውስጥ 3 ሳንቲ የሚገባ። እግሩ 4.5 በ4.5 ሳንቲ ይሁን። ከሁለት ጎን የሚመጡት ካስማዎች ውስጥ እንዳይጋጩ የአንዱን ጎን ጥንድ ከሌላው ትንሽ ከፍ አድርጊው። ትራፓኖው እንዳይንጋደድ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አስወጪና እሱን እየደገፍሽ ብሺ።

ስታጣብቂ መጀመሪያ ሁለቱን ጎኖች ለየብቻ አጣብቂ፣ ሲደርቁ ሁለቱን አገናኚ። ነጭ ኮላ ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው፤ ዝናብ ለሚያገኘው ውኃ የሚቋቋመውን ዓይነት ጠይቂ። ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ የሚይዝ መጨመቂያ) ከሌለሽ ገመድ በወንበሩ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙረሽ እሰሪ፣ በገመዱ መካከል አጭር ዱላ አስገቢና አጠማዝዢው፤ አራቱንም ጎን እኩል ይጨምቀዋል። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሰያፉን ለኪ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ተንጋዷልና ረጅሙን ሰያፍ ገፋ አድርጊና አስተካክዪው። ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኪው።

ሲደርቅ አንድ እግሩ ከወለል ከፍ ማለቱ አይቀርም። እግሮቹን በስሜት እየቆረጥሽ አታሳጥሪ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁሚው፣ እስኪረጋ ድረስ ካርቶን ከሥሩ ጎስጉሺ፣ ከዚያ እርሳስ በቁራጭ ጣውላ ላይ አስተኝተሽ በአራቱም እግር ዙሪያ መስመር አስምሪ፤ በመስመሩ ቁረጪ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስላለው በማንኛውም ወለል ላይ ይረጋል፣ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈልም የሚላላ መገጣጠሚያ የለውም። ለረጅም ወንበር ግን ሦስት እግር አልመክርሽም፤ ሰው ወደ ጎን ሲያዘነብል ቶሎ ይገለበጣል። አራት ይሁን፣ የእግሮቹም ስፋት ከታች ከመቀመጫው አይነስ።

አራቱንም ወንበር በአንድ ቀን አትቁረጪ። አንዱን ጨርሺ፣ ሳምንት ያህል ተቀመጪበት፣ የቤቱን ሰው ሁሉ አስቀምጪበት፤ መርገጫው ለአጭሩም ለረጅሙም መመቸቱን እዪ። የጠረጴዛውን ቁመት ከዚያ በኋላ ቁረጪ።

ጠረጴዛው ቀላል ነው። ለአራት ሰው 1 ሜትር በ60 ሳንቲ ይበቃል፤ እግሩ 7 በ7 ይሁን። እግሮቹን በብሎንና በዳዶ እሰሪያቸው፣ ቤት ስትቀይሪ ፈትተሽ በደረጃው ታወርጂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ገበታውን ከሥሩ ካለው ጣውላ ጋር በኮላ አታጣብቂ። እንጨት በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ብሎኖቹ የሚገቡበትን የጣውላውን ቀዳዳ በገበታው ስፋት አቅጣጫ ረዘም አድርጊው፣ ገበታው እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። አለበለዚያ ራሱን ይሰነጥቃል።

በረንዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ስላለ ቫርኒሽ ከጊዜ በኋላ ይላጣል፣ እንደገና ለመቀባትም ሙሉ በሙሉ መፋቅ አለበት። እኔ የተልባ ዘይት እመርጣለሁ፤ በስሱ ቀብቶ ትርፉን በጨርቅ ማንሳት፣ ቀናት ሰጥቶ ማድረቅ፣ እንደገና መቀባት። ሲደበዝዝ ከላዩ ትደግሚዋለሽ እንጂ አትፍቂም። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልለሽ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥዪ፤ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጭና ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሪው።

የበረንዳሽን ስፋትና የግንቡን ቁመት ለክተሽ ጻፊልኝ፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ርዝመት አውጥቼ እልክልሻለሁ፣ እንጨት ቤት ይዘሽው ትሄጃለሽ።